በልመና የቆየ ቦታ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ቢጠለል ምን ይወጣዋል? ወጣት ሳለሁ ይህ ጥያቄ በትልልቅ ስሞች ታጅቦ በትምህርት አዳራሽ ሲቀርብ ከባድ መስሎኝ ነበር። ካረጀሁ በኋላ ሳየው ከባድ ሳይሆን ነዝናዛ ነው። መልስ በሰጠኸው ቁጥር «እሺ፣ ከዚያስ?» ይልሃል። ሰውየው ሠራ። ከዚያስ? አገባ። ከዚያስ? ታላላቅ የሚባሉት ሰዎች ላይ ሲደርስ ሐውልታቸው ይጋርዳቸዋል። ጋሽ ጃንጥላ ላይ ሲደርስ ግን የሚጋርድ ነገር ስለሌለ ጥያቄው ራቁቱን ይቆማል።

ጋሽ ጃንጥላ ስሙ እንደሚናገረው ጃንጥላ ጠጋኝ ነበር። እኩያሞች ስለሆንን «አንተ» ነበር የምንባባለው፤ ስለዚህ እዚህም አላከብረውም። በአንቱታ ብጽፍለት ኖሮ «ምን አጥፍቼ ነው?» ይለኝ ነበር።

ይሠራ የነበረው በአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ መግቢያ፣ ከደረጃው ሥር ነው። ደረጃ ወደ ላይ ሲወጣ ከሥሩ የሚተወው ክፍት ቦታ ቅርጹ ይታወቃል፤ በአንደኛው ጫፍ ሰው ይቆምበታል፣ በሌላኛው ጫፍ ድመት እንኳ ጎንበስ ብላ ነው የምታልፈው። እሱ መካከሉ ላይ በርጩማውን አድርጎ ይቀመጣል። የጃንጥላ ሽቦ በየመጠኑ በቆርቆሮ ጣሳ ቆሟል፤ የተጠገኑት ጃንጥላዎች ከላይ ተዘቅዝቀው ተሰቅለዋል፤ የሕንፃው ሰው ሁሉ ከአናቱ በላይ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ከበርጩማው ሲነሳ ጎንበስ ማለት አለበት፤ ከረሳው ደረጃው በግንባሩ ያስታውሰዋል። ብዙ ዓመት ከመልመዱ የተነሳ ሜዳ ላይም ሲነሳ ጎንበስ ይላል። ሚስቱ ይህን ስታይ ደሟ ይፈላል። «ሰማዩ እንዳይመታህ ነው?» ትለዋለች።

ሥራው ላይ አንድ አመል ነበረው። የጠገነውን ጃንጥላ እንዲሁ አያስረክብም። በሩ ላይ ወጥቶ ይዘረጋዋል፤ ከሥሩ ራሱ ይቆማል፤ ከዚያ ዘበኛውን «አፍስስ» ይለዋል። ዘበኛው በጆግ ውሃ ያፈስበታል። አንዲት ጠብታ አንገቱ ላይ ካረፈች ጃንጥላው ወደ መርፌ ይመለሳል፤ ካላረፈች ለባለቤቱ ይሰጣል። ዘበኛው አንድም ቀን ወታደር ሆኖ ባያውቅም ሻምበል ነው የሚባለው፤ ፊሽካ ስላለው ይመስለኛል። ሻምበል ውሃውን የሚያፈሰው በደስታ፣ ወለሉን የሚወለውለው በእርግማን ነበር። «ደመና እንኳ ዓመት ሙሉ አይሠራም፤ እኔ ግን አንተን ይዤ በጋ የለኝም» ይለዋል።

እኔ በዚያው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት የትርጉም ቢሮ ነበረችኝ። ወደ ሥራ ስገባ እሱ ጋ ቆም እላለሁ፤ ስወጣም እንዲሁ። የምጽፈው በዚያ ያየሁትንና ራሱ የነገረኝን ነው።

ቦታውን ያገኘው እንዲህ ነው። በወጣትነቱ ጃንጥላ እየጠገነ በየመንገዱ ሲዞር አንድ ቀን ዶፍ ይወርድና ሕንፃው በር ላይ ይጠለላል። በዚያው ሰዓት ባለሕንፃው ከመኪናው ሲወርድ ነፋስ ጃንጥላውን ወደ ውጭ ገለበጠበት። ሰውየው ግዙፍ ነው፣ ቁጡ ነው፣ ዝናቡ ደግሞ ማንነቱን አይለይም። ወጣቱ ጃንጥላውን ከእጁ ወስዶ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሽቦውን አቃና፤ ሞላውን አስተካከለ፤ መለሰለት። ባለሕንፃው ከፈተው፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። ከዚያም ወደ ደረጃው ሥር በእጁ እያመለከተ «እዚሁ ሁን» አለው።

«እዚሁ ሁን»። በቃ። እስከ መቼ? በምን? አልተባለም። ወጣት ሰው ደግሞ «እስከ መቼ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ጊዜ የእሱ ይመስለዋልና።

በዓመቱ ግን ስጋት ያዘው። ከክረምቱ በፊት፣ ሥራ ሳይበዛ፣ ልብሱን አጥቦና ጢሙን ተላጭቶ አራተኛ ፎቅ ወጣ። «ጌታዬ፣ ዘንድሮስ?» አለ። ባለሕንፃው ቀና እንኳ ሳይል «ኧረ ሁን» አለው። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል ጋሽ ጃንጥላ ከሥር ወደ ላይ ይወጣል፤ ይጠይቃል፤ «ኧረ ሁን» ይባላል፤ ይወርዳል። ኪራይ ልክፈል ቢል ባለሕንፃው ይስቅበታል። «ከደረጃ ሥር ኪራይ የምሰበስብ ድሃ መሰልኩህ?» ይለዋል። ሚስቱ ይህን ጉዞ «ደጅ ጥናቱ» ትለዋለች። የዚያን ዕለት ጠዋት ሸሚዙን ራሷ ትተኩሳለች፤ አንገትህን ቀና አታድርግ፣ ብዙም አትድፋ፣ እንደ ቸገረው ሰው ሁን እንጂ እንደ ተራበ ሰው አትሁን እያለች ትመክረዋለች። ማታ ሲመለስ «ምን አለ?» ብላ ትጠይቃለች። «ያው» ይላታል። «ያው» ማለት ለእነሱ ቤት የአንድ ዓመት ሰላም ማለት ነበር።

እንግዲህ ነገር የመጣው በልጅቱ በኩል ነው። የእህቱ ልጅ ናት፤ እናቷ ስትሞት እሱ ጋ አደገች። ከባድ ከባድ የእንግሊዝኛ ቃል የሚያስሸመድድ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነበረባት። ቤት ውስጥ የሚስቱ ሬዲዮ ስለማይዘጋ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ከደረጃው ሥር ታጠናለች። እሱ መጽሐፉን ይዞ ያጠያይቃታል። ፊደሉን ለቅሞ ማንበብ ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ለእሱ የሰው አገር ነው። ልጅቱ ስትሳሳት በመርፌው ወደ ገጹ እያመለከተ «ተመለሺ» ይላታል።

አንድ ቀን አንድ ቃል ላይ ደረሱ። እሱ ጀመረው፣ አቆመው፣ እንደገና ጀመረው።

«ይሄ አይነበብም» አላት፤ «ይሄ በገመድ የሚጎተት ነው። ፕሪ... ኬሪየስ።»

«ያልተረጋጋ፤ የማያስተማምን፤ አሁን ወደቀ አሁን ወደቀ የሚያሰኝ» አለች ልጅቱ በአንድ ትንፋሽ።

«ልክ ነሽ። ከሥሩ ደግሞ በደቃቁ የተጻፈ አለ።»

«እሱ አይጠየቅም አጎቴ። የቃሉ አመጣጥ ነው።»

«ካልተጠየቀ ለምን ጻፉት? አንብቢው።»

ልጅቱ መጽሐፉን ተቀብላ፣ እየሰለቻት፣ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችለት። ከላቲን የመጣ። በልመና የተገኘ። በሌላ ሰው በጎ ፈቃድ የሚቆይ።

መርፌው ቆመ። እንደገና አስነበባት። በሦስተኛው ላይ ልጅቱ «አጎቴ፣ ፈተናው እኮ እየደረሰ ነው» አለች። እሱ ግን መጽሐፉን ይዞ፣ መርፌውን ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ ወደ እኔ ቢሮ ሲወጣ ሰማሁት። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋውና «ይሄ እውነት ነው?» አለኝ።

እውነት መሆኑን ነገርኩት። የቃሉ ሥር ልመና ነው፤ ጸሎት ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም ያው ሥር ነው። በጥንቱ የሮማውያን ሕግ አንድ ሰው ለምኖ የሚይዘው ነገር ነበር፤ መሬት ሊሆን ይችላል፣ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ሰጪው ሲፈቅድ ይጠቀምበታል፤ ሰጪው በቃኝ ሲል፣ ምክንያት ሳይጠየቅ፣ ይነጥቀዋል። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባም መጀመሪያ ይዞ የገባው ይህንኑ ነው፤ በሰው ፈቃድ የተያዘ። በሰው ፈቃድ ላይ የቆመ ሁሉ እንደሚወድቅ ሰው እያየ ሲሄድ ነው ትርጉሙ ወደ «ሊወድቅ የተቃረበ» የዞረው።

«እና አሁን ልመናውን ረስተው መውደቁን ብቻ ያዙ?» አለኝ።

«እንደዚያ በለው።»

«እንዴት ይረሳል?» አለ፤ እኔን መጠየቁ አልነበረም። መጽሐፉን አጥፎ ተነሳ፤ ጣሪያዬ ከፍ ያለ ቢሆንም ጎንበስ ብሎ ወጣ።

እኔ ነገሩ በዚያ ያበቃል ብዬ ነበር። ሰው አንድ ቃል ያውቃል፣ ይደነቃል፣ ይረሳል። ጋሽ ጃንጥላ ግን አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ልጅ በቃሉ የማይረግጠው ቦታ ጠፋ። የሻምበል ወንበር አንድ እግሩ አጭር ነበር፤ «ፕሪኬሪየስ» ይለዋል። የሰፈሩ አውቶቡስ ፕሪኬሪየስ። የራሱ ጥርስ ፕሪኬሪየስ። ደንበኛ ጃንጥላ ሲያመጣ «ጨርቁ ደህና ነው፣ ዘንጉም ደህና ነው፣ ነገሩ በጠቅላላው ግን ፕሪኬሪየስ ነው» ይለዋል፤ ደንበኛው ተበሳጭቶ ጃንጥላውን ይዞ ይሄዳል። ሻምበል አንድ ቀን ወደ እኔ መጥቶ በሹክሹክታ «ጌታዬ፣ ሲሰድበኝ ነው ወይስ ሲመርቀኝ? እንደ ሁኔታው መልስ ልሰጠው ብዬ ነው» አለኝ። ቤት ውስጥ ደግሞ ሚስቱ ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር እንዲያየው ብትለምነው ቀና ብሎ አይቶ ቃሉን ተናገረና ተቀመጠ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ያ ቃል ከቤቷ ታገደ። ልጅቱም ለመጽሐፏ ልባስ አበጅታ ከእሱ ደበቀችው። ሰው ሁሉ ጋሽ ጃንጥላን ትቶ ጋሽ ፕሪኬሪየስ ይለው ጀመር። እኔም መሰላቸቴ አልቀረም፤ ስወጣና ስገባ በአሳንሰር መጠቀም ጀምሬ ነበር።

መሰላቸቱ መሳቂያ ሆኖ እንዳይቀር ያደረገው ክረምቱ ነው። ዓመታዊው ጉዞ ደረሰ። ሚስቱ ሸሚዙን ተኮሰች። እሱ ግን አልወጣም አለ።

«ምን ማለት ነው አልወጣም?» አለችው።

«ስሙን አወቅኩታ።»

«የምን ስም?»

«የዕድሜዬን። በልመና የተያዘ ነው። ዘንድሮ ሁን በለኝ ብዬ አልለምንም። የምጠይቀው ሌላ ነው።»

የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ እስከ መቼ እንደሆነ ይነገረኝ። ለዘላለም ስጡኝ አላለም። አምስት ዓመት ቢሉት አምስት፣ አንድ ክረምት ቢሉት አንድ ክረምት። ነገ ውጣ ቢሉትም ደህና። ቀኑ ይቆረጥለት እንጂ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ቦታው የራሱ ይሆናል፤ ማንንም ሳይለምን ይቀመጥበታል። ሲያስረዳኝ «ሽቦ እንኳ የሚይዘው ሁለት ጫፍ ሲኖረው ነው» አለኝ። እኔ ምሳሌው ብዙም አልጣመኝም፤ ሐሳቡ ግን ገባኝ።

ክፋቱ፣ ባለሕንፃው በዚያው ዓመት አልጋ ያዘ፤ በቦታው ሴት ልጁ መጣች። ተምራ የመጣች፣ ጨዋ፣ ፈጣን፣ ሰላምታዋ የማያልቅ ሴት ናት። መግቢያውን ቀለም አስቀባች፤ አምፖሎቹን አስቀየረች፤ የአበባ ማሰሮ አስደረደረች። አንድ ቀን ደግሞ ሜትር የያዘ ሰው መጥቶ ከደረጃው ሥር ያለውን ቦታ ከዳር እስከ ዳር ለካ። ጋሽ ጃንጥላ እግሩን እያነሳለት «ለምንድን ነው?» ቢለው ሰውየው «ዝም ብለን ነው» አለ። ዝም ብሎ የሚለካ ሰው አይቼ አላውቅም።

በማግሥቱ አራተኛ ፎቅ ወጣ። የሆነውን ሲወርድ ነገረኝ፤ ከንዴቱ ብዛት የእሷን ድምፅ እያስመሰለ ነው የነገረኝ። እስከ መቼ እንደሆነ ይነገረኝ ብሏታል። እሷ «ውይ አባባ፣ ማን ውጡ አለዎት?» ብላለች። ማንም አላለኝም፤ የምጠይቀው ቀኑን ነው። «ኧረ ምንም ችግር የለም።» ችግር ካለ ንገሪኝ፤ እችለዋለሁ። «እርስዎ እኮ የአባቴ ሰው ነዎት፤ ቤትዎ ነው።» ቤቴ ከሆነ ኪራይ ልክፈል። ሳቀች። እንደ አባቷ። እንዲያውም ጸሐፊዋ ሻይ እንድታመጣለት አዘዘች፤ እሱ ሻዩን ሳይጠጣ ወረደ።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሊባል በሚችል ሁኔታ ወጣ። የሚመለስለት መልስ አንድ ነው፤ «ችግር የለም»። ይህች አነጋገር በር ሳትዘጋ የምታስወጣ፣ ሳታስገባም የምታስቀምጥ መሆኗን ከዚያ በፊት ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። እምቢ ቢሉህ ትሟገታለህ፤ እሺ ቢሉህ ታመሰግናለህ። «ችግር የለም» ያለህን ሰው ግን በምን ትይዘዋለህ? የባለሕንፃው ልጅ ክፉ አልነበረችም፤ ይህን እጽፋለሁ ምክንያቱም እሱም ብሎታል። ደግነቷ የተቆረጠ ቀን እንዲኖረው ግን አልፈለገችም።

ሰው ሁሉ በእሱ ተናደደ። ሻምበል «ሰጪ ሲገኝ ልኩ አይጠየቅም» አለው። ሚስቱ ሬዲዮዋን ዘግታ ተቆጣችው፤ ሬዲዮው ሲዘጋ ነገሩ መክፋቱን ሰፈሩ ያውቃል። «ሰው ውጣ ሲሉት ያለቅሳል። ችግር የለም ሲሉት የሚያለቅስ አንተን አየሁ። ይችን ሴትዮ ነዝንዘህ ነዝንዘህ ታስወጣናለህ።» እሱም «የሰው ወርቅ አያደምቅ ስትይ አልነበር?» አላት። «የሰው ወርቅ ባያደምቅም ያበላል» አለችው። ይህን ተረት የጨረሰችው ራሷ ናት፤ እስካሁን ድረስ ከሰማኋቸው ጨራሾች ሁሉ የተሻለው ነው።

እኔም ልመክረው ሞከርኩ። ማንም ሰው እስከ መቼ እንደሆነ ተነግሮት አያውቅም አልኩት። ይህን ሰውነት፣ ይህን ትንፋሽ፣ ሁሉንም የያዝነው ቀን ሳይቆረጥልን ነው፤ ሰጪው ሲል ይወስደዋል፤ ጠቢብ ይህን ተቀብሎ ይኖራል። ሽቦውን ከማቃናት ቀና አላለም።

«እግዜርንማ አልጠየቅኩም» አለኝ። «የእሱ ቢሮ ሩቅ ነው። የእሷ አራተኛ ፎቅ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ጠቢብ የሚለውን ቃል እሱ ፊት አልተናገርኩም።

የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች መጣል ሲጀምሩ ቆረጠ። ሸሚዙን ራሱ ተኮሰ፤ ሚስቱ ዝም ብላ አየችው፤ ይህ ዝምታዋ ሊያስጠረጥረው ይገባ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። በዚያ ቀን ይዞት የወጣው ንግግር ይህ ነው፤ ቀን ካልተቆረጠልኝ ዛሬውኑ ዕቃዬን አንስቼ እወጣለሁ፤ ተባርሬ ሳይሆን፣ ልመና ትቼ። ይህን ሲለማመድ ከደረጃው ሥር ሰምቼዋለሁ፤ ሻምበልም ሰምቶታል።

የባለሕንፃው ልጅ ንግግሩን እስኪጨርስ አልጠበቀችም። በፈገግታ «አባባ፣ ምን አስጨነቀዎት?» አለችው። «ከባለቤትዎ ጋር ጨርሰን የለም እንዴ? መጡ፣ ለመኑኝ፣ እሺ አልኳቸው። በየዓመቱም እሳቸው ይመጣሉ ተባብለናል። እርስዎ ደረጃ መውጣት አይልመድብዎት፤ ደከምዎት እኮ።»

ሲወርድ አየሁት። በየደረጃው ላይ ሁለቱንም እግሩን እያሳረፈ ነበር የሚወርደው። ሻምበል ፊሽካውን ይዞ ወደ ጓሮ ተሰወረ፤ ሚስቱን በኋላ በር አስገብቶ ወደ አራተኛ ፎቅ የመራት እሱ ነበርና። ጋሽ ጃንጥላ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። አንድ ሰዓት ያህል ምንም አልሠራም። ከዚያ አንዲት ሴት ዝናብ እየደበደባት ገብታ የተሰበረ ጃንጥላ ዘረጋችለት፤ ተቀበላት፤ መርፌውን አነሳ። ዕቃውን አላነሳም። ክረምት ገብቷል፤ ልጅቱ ፈተናዋን አልፋ ትምህርት ልትጀምር ነው፤ የቤታቸው ጣሪያም ገና አልተጠገነም።

ማታ ከሚስቱ ጋር የተነጋገሩትን የሰማሁት ከእሷ ነው፤ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ እያለቀሰችና እየሳቀች ነገረችኝ።

«ለመንሽ?» አላት።

«ለመንኩ። አንተ ስትኮራ ቤቱ ምን ይብላ?»

«ተንበርክከሽ?»

«ቆሜ ነው። ትንሽ አለቀስኩ እንጂ።»

«እኔ ያን ሁሉ ዓመት ለምኜ አንድም ቀን አላለቀስኩም» አላት። «ዋጋውን አስወደድሽው።»

ከዚያ በኋላ ቃሉን ተናግሮት አያውቅም። የሻምበል ወንበር አንድ ቀን ከነሻምበል ወደቀ፤ ሁላችንም ወደ ደረጃው ሥር ተመለከትን፤ እሱ ግን ክሩን በጥርሱ በጥሶ ሥራውን ቀጠለ። ሻምበል ወገቡን እያሸ ተነስቶ «ይበለው እንጂ! ዛሬ እንኳ ይገባኛል» አለ። አላለውም። ጃንጥላ ሲያስረክብ ውሃ ማስፈሰሱንም ተወ። ደንበኛው ራሱ ዝናብ ላይ ወጥቶ ይፈትነው ጀመር። እኔ በአሳንሰር መውጣቴን ትቼ በደረጃው መመላለስ ጀመርኩ፤ እንዲያወራኝ ቆሜ እጠብቅ ነበር። ስለ ዝናቡ ያወራኛል። ስለ ዝናብ ብቻ የሚያወራ ጃንጥላ ጠጋኝ ሰው ያናድዳል።

ሁለት ክረምት እንዲህ ሠራ። ሁለት ጊዜ ሚስቱ ሸሚዝ ሳትተኩስ፣ ነጠላ ጫማዋን በፌስታል ይዛና ደህናውን ጫማ አድርጋ፣ አራተኛ ፎቅ ወጥታ ወረደች። እሱ እግሯን ከአናቱ በላይ ይሰማዋል፤ ሲወጣም ሲወርድም። ቀና አይልም። ሦስተኛው ክረምት ሳይደርስ የያዘው ሳል ከደረቱ አልወጣ አለ፤ ሆስፒታል አስተኙት።

የሆስፒታሉ ክፍል ስድስት አልጋ ነበረው፤ የእሱ መስኮቱ ሥር ነው። ሐኪሙ በመጣ ቁጥር «እናያለን» ይላል። ጋሽ ጃንጥላ ይህችን መልስ ሲሰማ ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን ያነሳል፤ ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እህቷ ናት፣ የዚያች የ«ችግር የለም»። ሻምበል ሊጠይቀው ሲመጣ ቦታው እንዳለ መሆኑን፣ በርጩማውንም ማንም እንዳልነካው አበሰረው። ያልነገረው፣ አንዲት ትልቅ የአበባ ማሰሮ ከበርጩማው ጎን መቀመጧን ነው። ዛሬ ማሰሮዎቹ ሦስት ናቸው፤ በርጩማው የት እንደገባ አላውቅም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁላችንም ተሰብስበን ሳለን፣ ሚስቱ፣ ልጅቱ፣ ሻምበልና እኔ፣ ትራሱ ላይ ቀና እንድናደርገው ጠየቀ። ስናደርገው ከልማዱ የተነሳ ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ፤ ከላዩ ግን ምንም አልነበረም።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለ። «ከእንግዲህ ስለ እኔ ማንም ማንንም አይለምን። ሐኪሙንም፣ አራተኛ ፎቅንም፣ ከዚያ በላይ ያለውንም። ቀኔ የተቆረጠ ከሆነ ይምጣ፤ እስከዚያ የራሴ ይሁን። ይቺን ብቻ።»

«እሺ» አልነው። ሁላችንም፣ አንድ በአንድ፣ ዓይኑን እያየን።

ሻምበል ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሕንፃው ሄደ፤ ኮፍያውን አውልቆ አራተኛ ፎቅ ቆመና ሰውየው እስኪድን ቦታው እንዳይነካ ለመነ። ችግር የለም ተባለ። ልጅቱ ሐኪሙን ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ተከትላ የጋውኑን እጅጌ ይዛ ስታነጋግረው አይቻለሁ። እኔ የሆስፒታሉ ደረጃ ላይ ቆሜ፣ ከተውኩት ብዙ ዘመን የሆነውን ነገር፣ ለማን እንደምናገር እርግጠኛ ሳልሆን፣ ተናገርኩ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሚስቱ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ እጁን ይዛለች። እሱ የተኛ መስሏት ነበር። ዓይኑን ሳይገልጥ «ከንፈርሽ ለምን ይንቀሳቀሳል?» አላት።

«አፌ ደርቆብኝ ነው» አለችው።

«እንግዲያው ውሃ ጠጪ።»

ብርጭቆውን አንስታ ጠጣች። አስቀመጠችው። ከንፈሯ ግን አላቆመም።